ከበርጫ በኋላ የሚመጣው ብርጭቆ፦ ጨብሲ፣ ሞተርና የደንገጎ ቁልቁለት

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ አንድ ሞተረኛ ሌሊት አስፋልት ላይ ወድቆ ሲገኝ ቀድሞ የሚሰማው ወሬ «ጠጥቶ ነበር» የሚል ነው። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጎዶሎ ነው። ሰውየው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ጫት ሲቅም ውሎ ይሆናል። ምሳውን በወጉ አልበላም። ምርቃናው፣ ማለትም የጫቱ ንቃት፣ እንቅልፍ እንዳይነሳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለጨብሲ (ምርቃናን በመጠጥ ለመስበር) ወደ ግሮሰሪ ገባ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ቁልፉን አዞረ። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ስለ መጠጥና መንዳት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከጠርሙሱ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከቀትር በኋላ ነው።

ይህ የሚቅመውን ሁሉ የሚመለከት አይደለም። ብዙ ሰው በርጫውን (የጫት ቅሚያውን) በሻይና በውሃ ጨርሶ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ አልኮል በደጁ የማያልፍ ቃሚ በሁለቱም ከተሞች ሞልቷል። እዚህ የምንነጋገረው ምርቃናን በመጠጥ ለመስበር ከግሮሰሪ ጎራ ስለሚለው፣ ከዚያም መሪ ስለሚጨብጠው ሰው ነው። ባጃጅ፣ ሞተር፣ የቤት መኪና ወይም አይሱዙ ሊሆን ይችላል፤ በእያንዳንዱ ላይ አደጋው የሚመጣበት መንገድ ይለያያል።

ምርቃና ስካርን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም

በጫት ውስጥ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ድካም ይጠፋል፣ ወሬ ይፈስሳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ጣሪያው ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛውን ኃይሉን ያጣል። ሐረር አጠገብ ካለችው የጫት ገበያ ከተማ ከአወዳይ የሚነሱ ጫት ጫኝ መኪኖች እንደዚያ የሚሮጡትም ስለዚህ ነው፤ እቃው በሰዓት ነው የሚረክሰው።

አልኮል የሚሠራው በተቃራኒው ነው። አንጎልን ያቀዘቅዛል፤ ከሁሉ በፊት የሚነካውም ፍርድን፣ ትኩረትን ለሁለት ነገር ማካፈልን እና ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ቶሎ መልስ መስጠትን ነው። አነቃቂና አቀዝቃዥ ሲገናኙ «ይጠፋፋሉ» የሚል እምነት አለ፤ ጨብሲ የሚባለው ልማድ ራሱ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። የሚሆነው ሌላ ነው። አነቃቂው የስካርን ስሜት ይቀንሳል፤ እንቅልፉ አይመጣም፣ ምላስ አይያያዝም፣ እግር አይወላገድም። በደም ውስጥ ያለው አልኮል ግን አንድ ጠብታ አልቀነሰም፤ የሚሠራው ስህተትም አልቀነሰም። ቡናና ካፌይን ያለባቸው መጠጦች ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ የታየውም ይኸው ነው፦ ሰውየው ያልሰከረ ይመስለዋል፣ ስህተቱ ግን የሰካራም ነው።

ሰው «በቃኝ» የሚለው ሰውነቱ ሲነግረው ነው። ምርቃናው ያንን ድምፅ ሲያፍነው በሦስተኛው ቢራ ይቆም የነበረው ሰው ስድስተኛው ላይ ይደርሳል። ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ጫት አፍ ያደርቃል፣ ድሬዳዋም ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቢራዎች ስለዚህ እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ ውሃ ይወርዳሉ፣ ሁለት ጠርሙስ በሃያ ደቂቃ። በዚያ ላይ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ባዶ ሆድ ላይ የወረደ አልኮል ደግሞ በአብዛኛው ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ሲቀመጥ ትንሽ የቀማመሰ ሰው ሁኔታው ሌላ ነው፦ ጫት ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ አልኮልም በብዛት የሚመጠጠው ከትንሹ አንጀት ስለሆነ ጣሪያው ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ከግሮሰሪው ከወጣ በኋላ፣ መንገድ ላይ። በሁለቱም መንገድ «እንዴት እንደሚሰማኝ እኔ አውቃለሁ» የሚለው መለኪያ ከሥራ ውጭ ነው።

የጠርሙሱ ስሌት

ስሜት መለኪያ መሆን ካልቻለ የሚቀረው ቁጥር ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ይህ በክብደት 13 ግራም ነው። በመለኪያ የሚቀዳ 40 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ ጂን ወይም ኡዞ ወደ 12.6 ግራም ይይዛል። አንድ መለኪያና አንድ ቢራ ለጉበት አንድ ናቸው ማለት ነው፤ «ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው መከላከያ ውኃ አይቋጥርም። የቤት አረቄ ብዙውን ጊዜ 45 በመቶ አካባቢ ስለሚደርስ ከዚህም ይበልጣል። ጠጅ ከቤት ቤት ይለያያል፤ 10 በመቶ ቢሆንና ብርሌው ሩብ ሊትር ቢይዝ አንዱ ብርሌ 20 ግራም ነው፣ የአንድ ቢራ ተኩል።

ይህ አልኮል የሚሰራጨው በሰውነት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክብደት ወሳኝ ነው፤ ሴቶችም በአማካይ የሰውነታቸው የውሃ ድርሻ ስለሚያንስ በእኩል መጠጥ ከፍ ያለ ቁጥር ይደርሳሉ። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በአንድ ቢራ በሊትር ደም 0.27 ግራም ያህል ይጨምራል። 55 ኪሎ የሆነ ቀጭን የባጃጅ ሹፌር 0.35፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 0.39 ይጨምራሉ። ጉበት ደግሞ በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ያወጣል፤ ከሰው ሰው ከ0.10 እስከ 0.20 ይለያያል። ይህን ፍጥነት የሚያፋጥን ነገር የለም። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ማስመለስ፣ ተጨማሪ ጫት፣ አንዱም ጉበትን አያሯሩጠውም።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር ደም 0.8 ግራም፣ በትንፋሽ ሲለካ በሊትር አየር 0.4 ሚሊ ግራም ነበር። ከላይ ባለው ስሌት 70 ኪሎ የሆነው ሰው በሁለት ሰዓት አራት ቢራ ሲጠጣ 0.79 ላይ ይገኛል። 55 ኪሎ የሆነው በሦስት ቢራ 0.74፣ በአራተኛው 1.09 ይደርሳል። አንድ ጠርሙስ ነው ልዩነቱ።

ከጣሪያው በታች መሆን ግን ደህና መሆን አይደለም። በአሜሪካ በሎንግ ቢች እና በፎርት ላውደርዴል ከተሞች አደጋ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን አሽከርካሪዎች አነጻጽሮ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያልጠጣን ሰው የአደጋ ዕድል እንደ 1 ሲወስድ በ0.5 ግራም 1.38፣ በ0.8 ግራም 2.69፣ በ1.0 ግራም 4.79 አግኝቷል፤ በ1.5 ግራም ቁጥሩ ከ20 እጥፍ አልፏል። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከሐረርጌ ደጋ ወደ ድሬዳዋ እንደሚወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ነው፣ መጀመሪያ ዝግ ብሎ ከዚያ ገደል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አሽከርካሪ ከ0.5፣ ለወጣትና ለጀማሪ ከ0.2 እንዳይበልጥ ይመክራል። ስዊድን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም 0.2 አድርጋለች። በኛ አገር 0.8ን «እስከዚህ ይፈቀዳል» ብሎ የሚያነብ ሹፌር ቁጥሩን የሚያነበው በተሳሳተ መንገድ ነው ብለን እናምናለን፤ ያ የቅጣት መነሻ ነው እንጂ የደህንነት ድንበር አይደለም።

ሁለት ጎማ፣ ሦስት ጎማ

መኪና ቆሞም ሆነ እየሄደ ሚዛኑን ራሱ ይጠብቃል። ሞተር ብስክሌት ግን ሚዛኑን የሚጠብቅለት ነጂው ነው፤ አልኮልም ቀድሞ ከሚመታቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሚዛን ነው። ምክንያቱ የሚገርም ነው። በውስጠኛው ጆሮ ግማሽ ክብ ቦዮች ውስጥ የጭንቅላትን መዞር የሚሰማ ስስ ክፍል አለ፤ በፈሳሽ ውስጥ የሚኖረውና ክብደቱ ከፈሳሹ ጋር እኩል የሆነው ይህ ክፍል ነው መዞራችንን የሚነግረን። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል፣ ከፈሳሹም ቀድሞ ወደዚህ ክፍል ስለሚገባ ያቀለዋል፤ ሰውየው ሳይዞር የዞረ ይመስለዋል። ከሰዓታት በኋላ አልኮሉ ከዚያው ክፍል ቀድሞ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይደገማል፤ ይህ ሁለተኛው ዙር በደም ውስጥ አልኮል ካለቀ በኋላም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ጠዋት «ራሴን ትንሽ ያዞረኛል» ብሎ ሞተር ላይ የሚወጣ ሰው ኩርባ ላይ የሚያዘነብልበትን ልክ የሚነግረው ጆሮ ገና አልተስተካከለም።

ፍሬኑም ይለያል። በሞተር ላይ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው የፊት ፍሬኑ ላይ ነው፤ ግን ቀስ በቀስ እየጠበቀ መያዝ አለበት። ሲደነግጡ በአንዴ ከጨበጡት የፊት ጎማ ይቆለፍና ሞተሩ ከሥር ይሸሻል። በተለይ ከደቻቱ ወንዝ የሚመጣው አሸዋ አስፋልቱ ላይ በተበተነበት ቦታ ይህ በዓይን ጥቅሻ ነው የሚሆነው። ጣቶች የሚይዙትን ኃይል መመጠን ጥሩ ቅንጅት ይፈልጋል፤ የጠጣ ሰው ያንን አጥቷል። ወይ ፈጽሞ የኋላውን ብቻ ይረግጣል፣ ወይ የፊቱን ያንቃል።

በአሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ሕይወት የጠፋባቸው አደጋዎች ውስጥ ከገቡት የሞተር ነጂዎች 28 በመቶው ከ0.8 ግራም በላይ አልኮል ነበረባቸው፤ በቤት መኪና አሽከርካሪዎች 24 በመቶ ነበር። መኪናው የብረት ቤት ስለሆነ የሚያልፈውን ስህተት ሞተሩ አያሳልፈውም። ሄልሜት የሞተረኛን የሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ የኮክሬን ግምገማ አሳይቷል፤ ይህ የሚሆነው ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲቆለፍ ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ወይም ሳይቆለፍ የተደፋ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ይወልቃል። መጠጥ ደግሞ የዚህ ዓይነቱን ትንሽ ጥንቃቄ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚያስረሳው።

ባጃጅ ሦስት ጎማ ስላለው አይወድቅም የሚለው ስህተት ነው። ፊቱ አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ እየታጠፉ ፍሬን ሲይዙ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይገፋል፣ በዚያ ማዕዘን ላይ ግን የሚደግፈው ጎማ የለም። ስለዚህ ከመታጠፍ በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ እየታጠፉ አለመርገጥ የባጃጅ ሀሁ ነው። የጠጣ ሹፌር የሚያጣው ይህን «በፊት» የሚለውን ነው፤ ኩርባውን ዘግይቶ ያየዋል፣ መሪ ጠምዝዞ ፍሬን ይረግጣል። በር የለውምና ተሳፋሪው ተወርውሮ ይወጣል፤ ባጃጁም ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው በወጣው ሰው ላይ ነው። ከሦስት ሰው በላይ ሲጫን፣ ሹፌሩ አጠገብም ሌላ ሰው ሲቀመጥ ይብሳል።

ስለ መኪና ሹፌር አንድ ስሌት ይበቃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 16.7 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ በ1 ሴኮንድ ውስጥ ፍሬን ቢረግጥ በደህና አስፋልት 36 ሜትር ተኩል ላይ ይቆማል። መጠጡ ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ቢያዘገየው ያው መኪና እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ገና በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። በድሬዳዋ ከከዚራ ሰፈር ወደ ሳቢያን ሰፈር ማታ የሚያቋርጥ እግረኛ በአንዱ ሹፌር ፊት በሕይወት ሲያልፍ በሌላው ፊት አያልፍም።

ደንገጎ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ስትገኝ የሐረርጌ ደጋ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ይህ ልዩነት በአብዛኛው የሚያልቀው ደንገጎ ላይ ነው። 10 ቶን የሚመዝን ጭነት መኪና 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 200 ሊትር በርሜል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ሞተሩ ካልያዘው ወደ ፍሬን ሸራና ታምቡር ይገባል። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፤ የፍሬን ዘይት የፈላ እንደሆነ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል።

የሚያድነው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ፣ በሞተር እየያዙ መውረድ፣ ፍሬኑን በአጭሩ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው፤ እግርን ፔዳሉ ላይ ጥሎ መውረድ አይደለም። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ይፈልጋል። የጠጣ ሹፌር ቁልቁለቱን በከፍተኛ ማርሽ ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ሲያስፈራው ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ በዚያ ፍጥነት ማርሹ አልገባ ሲል መኪናው ዜሮ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ከታች የሚወጣ መኪና መብራት ዓይን ሲመታ የጠጣ ዓይን ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ኩርባው ግን አይጠብቅም።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲሆን በዚህ አካባቢ ያሉት መንገዶች ከሩቅ በመጡ መኪኖች ይሞላሉ። ብዙዎቹ ሹፌሮች ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ ናቸው። አንድ ሰው 17 ሰዓት ሳይተኛ ሲቆይ ሥራው 0.5 ግራም አልኮል ካለበት ሰው ጋር፣ 24 ሰዓት ሲሞላው 1.0 ግራም ካለበት ጋር እንደሚቀራረብ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ሙከራ አሳይቷል። በዚያ ላይ ከንግሡ ሲመለሱ አንድ ሁለት ብርጭቆ ሲጨመር የሚደመረው ሁለቱ ነው። ምርቃና እንቅልፍ የነሳው የከተማችን ሹፌርም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ አንድ ቢራ ብቻ ጠጥቶም ቢሆን።

ጠዋት

የማታው ነገር ሲወራ ጠዋቱ ይረሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስምንት ቢራ ጠጣ እንበል። በአማካይ ስሌት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ባጃጁን ሲያስነሳ በደሙ ውስጥ ገና 1.05 ግራም አለ። ከ0.8 በታች የሚወርደው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ተማሪዎቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ጨርሷል። ሙሉ በሙሉ የሚጠራው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚቀጥለው በርጫ ሊዘረጋ ሲል። ጠዋት ለሀራራ የሚቀመሰው ጫት ዓይን ይከፍታል፣ የቀረውን አልኮል ግን ከስሜት ይደብቃል። እንዲህ በየቀኑ የሚዞር ሰው በሳምንት ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የሚነዳበት ሰዓት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ራሱን ግን «ሰክሬ ነድቼ አላውቅም» ሲል ከልቡ ነው።

ለዚህ የሚሆን ቀላል ሕግ አለ፦ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ካነሱበት ሰዓት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቢራ ወይም መለኪያ ሁለት ሰዓት ተኩል መቁጠር። አራት ከሆነ አሥር ሰዓት። ለቀጭን ሰውና ጉበቱ ዝግ ለሚል ሰው ይህም ያንሳል፤ በጣም ረዘመ የሚል ግን ስሌቱን መልሶ ይሥራው። ባጃጅ ወይም ሞተር በቀን ሒሳብ የሚያከራይ ባለንብረትም ጠዋት ቁልፍ ሲያስረክብ «ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ምን ጠጣህ?» ማለት አለበት። ጥያቄው ያሳፍራል ብሎ የሚተወው ብዙ ነው፤ ከተገለበጠ ባጃጅ ግን ይረክሳል። ከግሮሰሪ በኋላ የሌላ ሰው ባጃጅ ይዞ ወደ ቤት መግባት፣ የራስን እዚያው ቆልፎ ማሳደር በሁለቱም ከተሞች የሚቻል ነገር ነው። ሞተር ማሳደር የሚያስፈራው ሌባን ነውና ባለ ግሮሰሪዎች ግቢያቸው ውስጥ ማሳደሪያ ቢሰጡ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣው የ19 ዓመት ሞተረኛ ግሮሰሪ ሲገባ ይህ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ፍተሻው በዓይን አይሆንም

ትራፊክ ፖሊስ በዓይኑ የሚፈልገው ቀይ ዓይን፣ የተያያዘ ምላስ፣ የሚወላገድ አካሄድ ከሆነ ከጨብሲ የወጣውን ሹፌር ያሳልፈዋል። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቶሎ ቶሎ ይመልሳል። ከላይ ያልነው ሁሉ የሚያመጣው አንድ ውጤት ይህ ነው፦ እዚህ በመልክ ለይቶ መፈተሽ ከሌላ ቦታ ይልቅ ደካማ ነው። የሚሠራው የቆመውን ሁሉ በትንፋሽ መመርመሪያ መለካት ነው። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ በታኅሣሥ 1982 እ.ኤ.አ. ይህን ስትጀምር ሕይወት የሚያጠፉ አደጋዎች ወዲያው ቀንሰዋል፤ ምክንያቱም ሹፌሩ «እኔን አይጠረጥሩኝም» ማለት አልቻለም።

መሣሪያው የራሱ ሥርዓት አለው። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ ከመጨረሻው ጉንጭ ወይም ከማስመለስ በኋላ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚለካው ከሳንባ ጥልቅ የሚወጣው አየር ስለሆነ ሹፌሩ አጭር ትንፋሽ ብቻ እንዲሰጥ መፍቀድ አይገባም። አፍ መጫኛው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት። በድሬዳዋ ፀሐይ መኪና ውስጥ ተቆልፎ የዋለ መሣሪያ አምራቹ ከሚፈቅደው ሙቀት በላይ ሊግል ይችላል፤ በጊዜው ካልተስተካከለም ቁጥሩ ፍርድ ቤት አይቆምም። ከሁሉ በላይ መሣሪያው ጫትንም እንቅልፍ ማጣትንም አያይም። 0.3 ላይ ያለ፣ ግን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያልተኛ የጭነት ሹፌር በመሣሪያው ፊት «ንጹሕ» ነው። ስለዚህ የት ነው ያደርከው፣ መቼ ተኛህ የሚለው ጥያቄ ከመሣሪያው እኩል ነው።

ቦታውና ሰዓቱም ይመረጣል። ወደ ደንገጎ ለሚወርደው ፍተሻው ከቁልቁለቱ በፊት፣ ላይ መሆን አለበት፤ ታች ላይ የሚገኘው የተረፈው ብቻ ነው። በሐረር በሸዋ በርና ወደ አወዳይ በሚወስደው መውጫ፣ በድሬዳዋ በደቻቱ ድልድይ መግቢያዎች ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚደረገው ፍተሻ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ካልተደገመ የጠዋቱን ሹፌር አይነካም።

ከወደቀ በኋላ

የጠጣ ሰው ከሞተር ወድቆ ሲያንቀላፋ በዙሪያው ያለው ሰው «ስካር ነው፣ ይተኛ» ይላል። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። አልኮል የራስ ውስጥ ደም መፍሰስ የሚያሳየውን ምልክት ይመስላል፣ ይሸፍነዋልም፤ ማንቀላፋት፣ ማስመለስ፣ የተሳሰረ ንግግር የሁለቱም ናቸው። ስለዚህ ጭንቅላቱን የተመታ የጠጣ ሰው ሁሉ እስኪመረመር ድረስ የራስ ጉዳት እንዳለበት ይቆጠር። እየባሰ የሚሄድ እንቅልፍ፣ የአንድ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ቀጭን ፈሳሽ፣ ደጋግሞ ማስመለስ ከታዩ አንድ ደቂቃ አይጠበቅም።

ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ አስቀምጦ መውሰድ የአንገት አጥንቱ የተሰበረን ሰው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። አምቡላንስ (ቀይ መስቀል 907) እስኪመጣ ራሱንና አንገቱን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጎ መያዝ፤ ካስመለሰ ሰውነቱን በአንድነት ወደ ጎን ማዞር ነው። ሄልሜቱን መንቀል የሚያስፈልገው መተንፈስ ካቃተው ብቻ ነው፤ ያኔም ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ አንገቱን ከሥር ደግፎ፣ ሌላው ቀስ ብሎ እየሳበ። ውሃ፣ ወተት፣ ቡና በአፉ አይሰጥ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ሌሊት ከሆነ መሸፈን፤ አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ድሬዳዋም ላይ ቢሆን ሰውነቱ ይበርዳል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለማንኛውም የመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ደንግጓል፤ ጤና ተቋም «ገንዘብ አምጡ» ብሎ እንዲያዘገይ አልተጻፈም፤ ተጎጂውም ጠጥቶ መገኘቱ አስቸኳይ ሕክምናውን አያስቀርበትም።

ድል ጮራ፣ ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲደረስ ጓደኛ ብዙ ጊዜ እንዳይከሰስ ብሎ «ምንም አልጠጣም» ይላል። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ለክስ አይደለም። መቼ መቃም ጀመረ፣ መቼ አቆመ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብርጭቆ በስንት ሰዓት ነበር፣ ስንት ነበር፣ ምግብ በልቷል ወይ፣ ከወደቀ በኋላ ራሱን የሳተው ለምን ያህል ጊዜ ነው። የልብ ምቱ የፈጠነው በጫቱ ይሁን በውስጥ ደም መፍሰስ፣ ያንቀላፋው በመጠጡ ይሁን በራስ ጉዳት፣ ማደንዘዣ ቢሰጠው ሆዱ ውስጥ ምን አለ የሚለውን የሚለየው በእነዚህ ሰዓቶች ነው። ወረቀት ላይ ጽፎ ለነርሷ መስጠት ይቻላል።